የፍፁም ጠባብ ቡት

ፍፁምን ቡት ጫማው ጠቦታል። ይህን የሚያውቁት እሱና ትናንሽ ጣቶቹ ብቻ ናቸው። እጮኛው ወንጌላዊት ገዝታ ስታመጣለት ገና ከካርቶኑ ሳያወጣው «እንዴት ያምራል!» አለ፤ አጥልቆት ሲነሳ ደግሞ ዓይኑ እንባ እያቀረረ «ልኬ ነው» አላት። ማን ጠየቀው? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ሰውየው ይሉኝታ የሚባል በሽታ አለበት። አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ቀይሪልኝ ቢላት ምን ትሆን ነበር? ምንም። እሱ ግን ያን የፈካ ፊቷን ማጥፋት አልሆነለትም። ከዚያ ወዲህ በጠየቀችው ቁጥር «ተመችቶኛል» ይላታል፤ ሲለያዩ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ያወልቀዋል።

ዛሬ ግን ማውለቅ የለም። የላካቸው ሽማግሌዎች ከወንጌላዊት አባት ከአቶ አምሳሉ ቤት የተመለሱት ግማሽ መልስ ይዘው ነው። አቶ አምሳሉ ጴንጤ ናቸው፤ የፍፁም ቤተሰብ ኦርቶዶክስ መሆኑን ሲሰሙ ብዙም አላንገራገሩም። «እሱን ልጆቹ ይነጋገሩበት። የሚጠጣ ሰው ግን ደጄን አይረግጥም። ልጁን ራሱን ልየውና ቃሌን እሰጣለሁ» አሉ። ቀጠሮው ለዛሬ፣ ለቅዳሜ አሥር ሰዓት ሆነ። ወንጌላዊት ደውላ «ቡቱን አድርገህ ና፤ እኔ እንደገዛሁልህ ለአባዬ ነግሬዋለሁ» አለችው።

«ምን ጥያቄ አለው!» አላት።

ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻለም። ጋዜጣ አርሶ ቡቱ ውስጥ ጠቀጠቀ፤ መልሶ አወጣው። ካልሲ ደርቦ ክፍሉ ውስጥ ተመላለሰ። ሰዓቱን ያያል፤ እግሩን ያያል፤ እንደገና ሰዓቱን ያያል። በመጨረሻ ቡቱን በፌስታል አንጠልጥሎ መናኸሪያ አጠገብ ወደሚሠራው ጫማ ሰፊ ወደ ዘሪሁን ከነፈ።

ዘሪሁን እጁን ከትቶ ዳበሰው። «ቆዳው ጥሩ ነው። እንጨት ፎርማ ላስገባበትና ሰኞ ትወስደዋለህ።»

«ሰኞ? ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ነው የምፈልገው!»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ወንድሜ።»

ፍፁም መች ይሰማል! አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እግሩ እየቆመ ይቁነጠነጣል። ዘሪሁን ሊገላገለው ፈልጎ ይመስላል፣ ከመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ የአረቄ ጠርሙስ አወጣ። «ቆዳን እንደ አረቄ የሚያላላው የለም። ውስጡን ላርስልህ፤ ወፍራም ካልሲ አድርግበትና ሳይደርቅ እየሄድክ አለማምደው።»

«ጨምርበት!» አለ ፍፁም። ዘሪሁን የት እንደሚሄድ አልጠየቀውም፤ እሱም ማሰብ ተስኖታል። እናቱ ወይዘሮ ከበቡሽ በዓል በመጣ ቁጥር ለእንግዳ አረቄ የሚቀዱ ሴት ናቸው፤ ሽታው ለእሱ የቤቱ ሽታ ነው።

እውነትም ቡቱ ላላ፤ ጥቂት ለመራመድ ያህል። የእነ ወንጌላዊት ቤት ወዳለበት ወደ ባህል አዳራሽ ሰፈር በእግሩ ሲያቀና ግን ተረከዙ ተላጠ፤ አረቄው ቁስሉን ሲያገኘው እንደ ሚጥሚጣ አቃጠለው። ባጃጅ አስቆመ። ሹፌሩ አሸተት አሸተት አድርጎ በመስታወት አየው። ሲወርድ እየተንገዳገደ መሆኑን አይቶም «ልደግፍህ እንዴ? ዛሬስ በጊዜ ነው የጀመርከው» አለው። ፍፁም የሰውየው ነገር የገባው የእነ ወንጌላዊትን በር ካንኳኳ በኋላ ነው። ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ክው አለ። ሊሸሽ ዞር ሲል ወንጌላዊት በሩን ከፈተች።

አቶ አምሳሉ ሳሎን ውስጥ ቆመው ጨበጡት፤ ከጨበጡት በኋላም አልተቀመጡም። እንዲቀመጥም አልጋበዙትም።

«ልጄ፣ ጠጥተህ ነው የመጣኸው?»

«ኧረ አልጠጣሁም!»

«ስትንገዳገድ አይቻለሁ። አፍንጫም እኮ አለኝ።»

ወንጌላዊት አፏን በእጇ ይዛ ታየዋለች። እውነቱን ቢናገር ያን ሁሉ ጊዜ ሲዋሻት እንደኖረ ፊት ለፊቷ ማመኑ ነው። ዝም ቢል ደግሞ ሰካራም ተብሎ ሊወጣ ነው፤ እሷንም ሊያጣት። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእሱን ያወጣው ያልጠጣው አረቄ ሆነ።

«ጫማው ነው» አለ። «ጠቦኝ ነው፤ እንዲላላ ብዬ አረቄ አስደርጌበት ነው።» ቡቱን ጎትቶ አወለቀ። ካልሲው ተረከዙ ላይ ደም ነክቶታል።

አቶ አምሳሉ ቡቱን አንስተው አሸተቱ። «ጌታ ሆይ!» አሉና ሳቃቸው አምልጧቸው ተቀመጡ። የፍፁም ነፍስ መለስ አለች። የፈራቸው ሰው ከሳቁለት ነገሩ ያለቀ መሰለው። ወንጌላዊት ግን አልሳቀችም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የጠበበህ?»

«ያኔውኑ።»

«ልኬ ነው ያልከኝ ቀን?»

«አዎ።»

«የሠራሁልህ ዓሣስ? ይጣፍጣል ብለህ ያስጨመርከው?»

ፍፁም አባትየውን አየ። የሚያወጣው አልነበረም። «ጨው በዝቶበት ነበር።»

«በስልክ የላኩልህ መዝሙርስ?»

«መጨረሻው ላይ... ድምፅሽ ይሰበራል።»

አቶ አምሳሉ ሳቃቸውን ትተው ምንጣፍ ምንጣፉን ያያሉ።

«እወድሻለሁ ያልከኝስ?» አለችው።

«እሱን አልዋሸሁም!» አለ ቶሎ። ቶሎ ማለቱ ራሱ አስደነገጠው። ልኬ ነው ያላትም በዚሁ ጥድፊያ፣ በዚሁ ድምፅ ነበራ! እንደሚወዳት አጥንቱ ድረስ ያውቀዋል፤ ይህን የሚናገርበት ሌላ ድምፅ ግን የለውም። እንዲህ ያለ ፍርሃት ዕድሜውን ሙሉ ተሰምቶት አያውቅም።

«እንግዲህ ቃሉ የእኔ አይደለም፤ የእሷ ነው» አሉ አቶ አምሳሉ ቀስ ብለው።

ወንጌላዊት ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ የሞቀ ውሃ በሳፋ ይዛ መጥታ እግሩ ሥር አስቀመጠችለት። ቁጭ ብሎ የቆሰለ እግሩን ነከረ።

«እንዴት ነው?» አለችው።

አመሰግናለሁ፣ ጥሩ ነው ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። «ያቃጥላል» አለ።

ቀዝቃዛ ልታመጣለት ተነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ፣ ሳትዞር፣ «ያችን የእወድሻለሁን ጥያቄ ነገ ደግሜ እጠይቅሃለሁ» አለችው።