ሦስት መስኮት ይቀየርልን

እትዬ በደብዳቤ ውስጥ የባዕድ ቃል ሲያዩ ቀይ እስክሪብቷቸው በራሷ ጊዜ ከኪሳቸው ብድግ የምትል ይመስል ነበር። "ፕሪንተር" ብሎ የጻፈ ሰው "ማተሚያ" ብሎ እስኪያርም ፊርማ አያገኝም። የጽሕፈትና የሕትመት ቤቱ የእሳቸው ነው፤ ፊርማውም የእሳቸው። ስለዚህ ሁሉም ያርማል።

የእህታቸው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ እዚያ ሥራ ከጀመረች ሁለት ወር ሞላት። ስታወራ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ ድምፅዋ አይሰማም። ዲዛይነሩ፣ የእትዬ ልጅ፣ ገና በመጀመሪያው ቀን "ሹክሹክታ" አላት፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ያን ዕለት የሙከራ ጊዜዋ የሚያልቅበት ነበር። እትዬ ቁርጡን በጠዋት ነግረዋታል።

"ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኛ ፊት ቆመሽ፣ ለሦስቱ መቀመሪያዎች የትኛው ሥርዓተ ክወና እንደሚሻል ታስረጃለሽ። በጽሑፍ አይደለም፣ በአፍሽ። ደንበኛ ሲደውል ወረቀት ልታሳዪው ነው? ካቃተሽ ከውጭ ባለሙያ እቀጥራለሁ። ለእናትሽ እኔ እነግራታለሁ።"

መቀመሪያ በእትዬ አማርኛ ኮምፒዩተር ነው። ሌላ ማንም አይለውም። ሥርዓተ ክወና ደግሞ ኦፐሬቲንግ ሲስተም መሆኑ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ሹክሹክታ መሐል ወለል ላይ ቆመች። አፏን ከፈተች። ከጣሪያው ማራገቢያ በቀር ምንም አልተሰማም። እትዬ ሰዓታቸውን አዩ። ዲዛይነሩ አዝኖላት ጫማውን አየ።

በሩ ተንኳኳ። ጆሯቸው ላይ እርሳስ የሰኩ፣ ሜትር የያዙ ሰው ብቅ አሉ።

"ሦስት መስኮት የሚቀየረው እዚህ ነው?"

እትዬ ፊታቸው በራ። ባለፈው ሳምንት፣ የተከራዮችን ኮምፒዩተር ጭምር ለሚያስጠግነው ለሕንፃው አስተዳደር ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ሹክሹክታ "የኮምፒዩተሮቹ ዊንዶውስ አርጅቷል" ብላ የተየበችውን እሳቸው በቀይ አርመው፣ "የሦስቱ መቀመሪያዎች መስኮት አርጅቷል፤ ሳይታሰብ ይዘጋል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይከፈትም። በአዲስ ይቀየርልን" አስባሉት። አስተዳደሩ "መቀመሪያ" የሚባል ነገር ስለማያውቅ የትየባ ስህተት መስሎት "መቀመጫ" ብሎ አነበበው፤ ከሦስት መቀመጫ አጠገብ ያሉ መስኮቶችን እንዲቀይሩም መስታወት ገጣሚውን ላከ።

"ይግቡ፣ ይግቡ። ይኸውልዎት አንደኛው" አሉ እትዬ፣ ወደ ኮምፒዩተሩ እየጠቆሙ።

ሰውየው ኮምፒዩተሩን አዩ፣ ግድግዳውን አዩ፣ እንደገና ኮምፒዩተሩን አዩ። ስክሪኑን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት።

"ይሄማ ደህና ነው እኮ። ስንጥቅ የለውም።"

"ያረጀው ውስጡ ነው" አሉ እትዬ።

"እንግዲህ እንዳሉ" አሉና ሜትራቸውን ስክሪኑ ላይ ዘረጉ። "ቁመቱ ሠላሳ..."

"መለካት አለበት እንዴ?"

"ሳይለካ የሚገጠም መስኮት እኔ አላውቅም፣ እመቤት።"

ዲዛይነሩ እስክሪብቶ የወደቀበት መስሎ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ሹክሹክታ ከንፈሯን ነከሰች፣ ትንፋሿን ያዘች፤ አልሆነም። ሳቋ አመለጣት። ያ ሳቅ ድምፅ ነበረው፣ ያውም ትልቅ። አንዴ ከወጣ በኋላ ሌላውም ድምፅዋ ተከትሎት ወጣ።

"ጋሼ፣ የግድግዳ መስኮት አይደለም። ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያሉትን ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያዝዘው ነው። ዊንዶውስ መለዋወጫው በየሱቁ እንደሚገኝ መስኮት ማለት ነው። ደንበኛ የትኛውንም ፋይል በፍላሽ ይዞ ቢመጣ፣ የትኛውንም ማተሚያ ብንሰካ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይግባባል። ሰው ሁሉ ስለሚጠቀምበት ግን ሌባውም አከፋፈቱን ያውቃል።"

"የብረት ፍርግርግ ይደረግበታላ" አሉ ሰውየው።

"እሱ ነው ፀረ ቫይረሱ።"

"ማክ ኮምፒዩተርስ?" አለ ዲዛይነሩ ከጠረጴዛ ሥር።

"ማክ ከነግድግዳው ተገጣጥሞ ከአንድ ፋብሪካ የሚመጣ ነው። ለፎቶና ለቪዲዮ፣ ላንተ ሥራ፣ እጅን ያፍታታል። ግን ከነማሽኑ ነው የሚገዛው፤ ማጠፊያው ቢላላም ወደ ሠሪው ነው።"

"ሰማሽ እማዬ?"

"አልሰማሁም" አሉ እትዬ።

"ሊኑክስ ደግሞ እንጨቱንም መጋዙንም በነፃ ሰጥተው፣ በግድግዳችሁ ልክ ቁረጡት የሚሉን ነው።"

"ይሄኛው የኔ ነው" አሉ መስታወት ገጣሚው፣ ወንበር ስበው እየተቀመጡ።

"እንግዳ መቀበያው ላይ ላለው አሮጌ ኮምፒዩተር ይሆናል። እዚያ ደብዳቤ መጻፍና ኢሜይል ማየት ብቻ ነው ያለው። ቀለል ያለውን ብንጭንበት ከእንቅልፉ ይነቃል። የለመድነው ፕሮግራም ሁሉ ግን አይገኝበትም፤ መጋዙን የሚይዝ ሰው ይፈልጋል።"

"አንዱን ምረጪ ነው ያልኩሽ" አሉ እትዬ።

"አንዱን ብመርጥ መዋሸት ነው፣ እትዬ። የመታጠቢያ ቤትና የሳሎን መስኮት አንድ ይሆናል?"

"በፍጹም" አሉ ሰውየው፣ እንደ ምስክር እጃቸውን አንሥተው።

እትዬ ልጅቷን ትኩር ብለው አዩዋት። "መጋዙንስ ማን ይይዘዋል?"

"እኔ።"

ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። አንድ ደንበኛ "አቤት?" እያለ አንገቱን አስገባ።

መስታወት ገጣሚው ባዶ እጄን አልመለስም ብለው ከእትዬ ወንበር ጀርባ ያለውን፣ እውነተኛውን መስኮት ነቀነቁት። ለካ ዓመታት ሙሉ የማይከፈተው እሱ ነው። ቀለሙን ፍቀው፣ ማጠፊያውን ዘይት አጠጥተው ሲገፉት ነፋስ ገብቶ የእትዬን ወረቀት ሁሉ በተነው። ዲዛይነሩና ሹክሹክታ ወለል ላይ እየተንፏቀቁ፣ እየተሳሳቁ ለቀሙት።

ከተለቀሙት መካከል የቅጥር ቅጹ ነበር። እትዬ ቀይዋን እስክሪብቶ አወጡ። የሥራ መደብ በሚለው ቦታ "የመቀ" ብለው ጀመሩ፤ ቆሙ፤ ሜትራቸውን የሚጠቀልሉትን ሰውዬ ቀና ብለው አዩ። የጻፉትን ሰረዙና ከሥሩ ቀስ ብለው፣ ፊደል በፊደል፣ "የኮምፒዩተር ኃላፊ" ብለው ጻፉ።

"ይሄን ለማንም እንዳታሳዪ" አሉና ፈረሙ።