ጋቢ የለበሰው ባሕር

«ኧረ ይሄን መስታወት ማን ነው እንዲህ ራቁቱን የተወው?» አለች ጎረቤቲቱ አሰለፈች።

ቴሌቪዥኑን በነጠላ ሸፍና ዘወር ስትል ነው ዓይኗ ጥግ ያለው የዓሣ ገንዳ ላይ ያረፈው። ውስጡ መብራት በርቷል። አንዲት እንደ ሎሚ ብጫ የሆነች፣ ዓይኗ ላይ ጥቁር መስመር ያለፈባት ጠፍጣፋ ዓሣ ከድንጋዩ ሥር ተለጥፋለች።

«የሐዘን ቤት አይደለም እንዴ? ይሄ ሁሉ ጌጥ ሲበራ ሰው ምን ይላል?» ብላ ከአልጋው ላይ ጋቢ ጎትታ ገንዳውን አለበሰችው።

ዓይናለም ከፍራሹ ለመነሣት ሞከረች። ከግራም ከቀኝም የጎረቤት ሴቶች እጆች ትከሻዋን ተጫኑ።

«ተቀመጪ ዓይኔ። ምን ጎደለሽ? እኛ አለን አይደል?»

«ዓሣዋ አልበላችም።»

ሴቶቹ ተያዩ። «ውይ የኔ እናት፣ መቀባዠር ጀመረች» አለች አንዷ፣ ከንፈሯን እየመጠጠች።

ዓይናለም መልሳ ተቀመጠች። ልጇ ምሕረትአብ ትናንት ነው የተቀበረው። ከዚያ ወዲህ ይቺ ፍራሽ ናት ዓለሟ። ውኃ ስትል ያመጡላታል፤ ልነሣ ስትል ያስቀምጧታል፤ ዝም ስትል «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» ይሏታል። ከጋቢው ሥር የገንዳውን ሞተር እምምም የሚል ድምፅ ትሰማለች። ድምፁ እስካለ ድረስ ዓሣዋም አለች።

ምሕረትአብ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ጅቡቲ ይመላለሳል። እሷ ጉና ሥር ተወልዳ ደብረ ታቦር የገባች፣ ሩቅ ሄደች ቢባል ባሕር ዳር የደረሰች ሴት ናት። አንድ ቀን እግሩን እያጠበችለት «እውነት ባሕር ጨው ነው?» ብላ ጠየቀችው። በሌላ ጉዞው ይሄን ገንዳ፣ ሞተሩን፣ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ጨው በጆንያ ጭኖ መጣ። ውኃውን በጠበጠና «ቅመሺው» አላት። ጣቷን ነክራ ቀመሰች፤ ፊቷ ተጨማደደ። እሱ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«አንቺ አልሄድም ስላልሽ ባሕሩ ራሱ መጣልሽ!»

ዓሣዋ የመጣችው ከመጨረሻው በፊት በነበረው ጉዞ ነው። አልበላም አለች። ምሕረትአብ ሳይደነግጥ «አዲስ ሙሽራ ናት፣ ታፍራለች» አለ። እንደ ትል የተጠቀለለ የባሕር ነገር ከማቀዝቀዣው አውጥቶ ከተፈው፤ ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ ጨመቀበት።

«ለዓሣ ወጥ ልትሠራላት ነው?»

«ሽታው ይጠራታል፣ እማ።»

ዓሣዋ ቀርባ ጎረሰችና መልሳ ተፋችው። ዓይናለም ደረቷን መታች። እሱም በልጅነቱ እንዲሁ ነበር፤ ገንፎውን አገላብጦ ጉንጩ ውስጥ ያቆየውና ልብሷ ላይ ይተፋው ነበር። ሲሄድ «በሞቴ እንዳትሞት፣ እስክመለስ ጠብቂልኝ» ብሎ መኪናውን አስነሣ። ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ አሏት።

«አንዲት ጉርሻ፣ ለኔ ስትዪ» አለች አሰለፈች፣ ሳህን ይዛ ፊቷ ተንበርክካ። ከኋላዋ ሌሎቹ አንገታቸውን አስግገው ትጎርስ እንደሆነ ያያሉ። ዓይናለም አፏን ከፈተች፤ ሁሉም እንደሚያዩዋት ስታይ መልሳ ዘጋችው።

«አሰለፈች፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ በፌስታል ያለውን አምጪልኝ።»

«ያንን ትል? ጣልኩት እንጂ! ውሻም አልነካው። በጾም፣ በሐዘን ቤት፣ ትል!»

ማታ ታላቅ ወንድሟ ተክሌ ጣና አቅራቢያ ወዳለችው ሐሙሲት ሊመለስ ሊሰናበታት ጎንበስ ሲል ጆሮውን ያዘችው። «አያ ተክሌ፣ ነገ ሲመጡ ዓሣ ያምጡልኝ። ጥሬውን። ቅመም ያልነካው።»

«ዓሣ?» አለ ተክሌ። ጆሮው ስለሚከብደው ድምፁ ድንኳኑ ድረስ ተሰማ።

«ልጇን ቀብራ ዓሣ አማራት አሉ» ተባለ በር ላይ።

«ጥሬውን ደግሞ!»

ዓይናለም ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው። ለዓሣዋ ነው ብትል አበደች ይሏታል፤ ዝም ብትል ሆዳም። ሆዳም ይበሉኝ አለች በልቧ።

በሰልስቱ ረፋድ ላይ የሞተሩ ድምፅ ቆመ።

ማንም ልብ አላለም። እሷ ግን የያዟትን እጆች ፈልቅቃ ተነሣች። የዕድሩ ሰው አለሙ የሞተሩን ገመድ ከሶኬቱ ነቅሎ ስልኩን ሰክቷል። ከሶኬቱ በላይ ግድግዳው ላይ ምሕረትአብ በትልልቁ ጽፎ የለጠፈው ወረቀት አለ። እሷ በጎልማሶች ትምህርት ገና ፊደል እየለቀመች ነውና ለሷ ሲል ነው ያገዘፈው። ጣቷን ከፊደሎቹ ሥር አስሄደች።

«አ… ይ… ነ… ቀ… ል።»

በሰው ፊት ስታነብ የመጀመሪያዋ ነው።

«ልጄ ነው የጻፈው» አለች። «ለኔ ነው የጻፈው።»

አለሙ ስልኩን ነቅሎ የሞተሩን ገመድ መለሰው። ከዚያ በኋላ ተቀመጪ ያላት የለም። ተክሌ በፌስታል ያመጣውን ዓሣ ተቀበለች፤ የጤፍ ፍሬ እስኪያክል ከተፈችው።

«ነጭ ሽንኩርት ስጪኝ።»

«ጥሬ አይደል እንዴ የምትበይው?» አለች አሰለፈች፣ ሽንኩርቱን እያቀበለች።

ዓይናለም የጋቢውን ጫፍ ገለጠች። ሴቶቹ ሁሉ ከኋላዋ ተግተልትለው አንገታቸውን አሰገጉ። ዓሣዋ ድንጋዩ ሥር ገባች። ምግቡ ብትን ብሎ ወረደ፤ አልነካችውም።

ያን ጊዜ የመጨረሻው ስልክ ትዝ አላት። ምሕረትአብ ምሳ ሊበላ መንገድ ላይ ቆሞ ነበር የደወለላት።

«አልበላችም ልጄ። ከጠዋት ጀምሬ እያየኋት ነው።»

«እሱ ነዋ!» ብሎ ሳቀ። «አንቺ አፍጥጠሽባት እንዴት ትብላ? እኔስ አንቺ ፊቴ ቁጭ ብለሽ በልቼ ዐውቃለሁ? ጨርቅ ጣይባትና ዘወር በይ፣ እማ።»

ዓይናለም አሰለፈችን ቀና ብላ አየቻት። ገንዳውን ጋቢ ያለበሰችው እሷ ናት። ከከተፈችው ዓሣ ጥቂት ይዛ ጋቢው ሥር ገባች፤ ጫፉን ከኋላዋ መለሰች። ውስጡ ሞቅ ያለ ነው፤ ጨው ጨው ይላል። ውኃው ላይ በተነችና ጀርባዋን ለመስታወቱ ሰጥታ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ሞተሩ ያጉረመርማል። ከዚያ ከገንዳው ጠቅ አለ፣ ትንሽ የመጉረስ ድምፅ። ቆየና ደግሞ፣ ጠቅ። ትተፋው ይሆን? ዓይናለም አልዞረችም። ሦስተኛው መጣ፤ ከዚያም ተከታተለ።

«አሰለፈች» አለች ከጋቢው ውስጥ።

«ወዬ፣ ዓይኔ።»

«ዘወር በይልኝ። እነሱንም ዘወር በሉ በያቸው።»

የእግርና የነጠላ ኮሽታ ተሰማ። ከጋቢው ሥር አንድ እጅ ወጣ፤ መዳፉ ተዘርግቶ ቆየ። አሰለፈች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ወደ ኋላ እየዳበሰች፣ የእንጀራ ቁራሽ አኖረችበት።

እጁ ተጨበጠና ወደ ጋቢው ተመለሰ።