ማሽኑ ነው

ማሽኔን የሚያማ ሰው አልወድም። ድምፁ አላምር ያለው ሁሉ ጥፋቱን ማይኩ ላይ ይለጥፋል፤ ግጥሙ የጠፋበት ሁሉ ሄድፎኑን ያማርራል። እኔ ዘመናይ ደግሞ አፌን የምሰበስብ ሴት አይደለሁም። «ማይኩ ምን በደለህ? ጉሮሮህን ጠይቀው!» ብዬ ስንቱን አሳፍሬ ሸኝቻለሁ። ስቱዲዮዬ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የተከራየኋት አንዲት ክፍል ናት። ግድግዳዋን በእንቁላል መያዣ ካርቶንና በአሮጌ ብርድ ልብስ ሸፍኜዋለሁ። አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ሳውንድ ካርድ፣ አንድ ደህና ማይክ አለኝ፤ በቃ። ግን እዚህች ክፍል ውስጥ የቀዳሁት ዘፈን ሠርግ ላይ ሲከፈት ቁጭ ብሎ የሚያየው የለም።

ስለዚህ አያ ዋኘው ፊት ለፊቴ ቁጭ ብለው «ማሽንሽ ነው!» ሲሉኝ ደሜ ፈላ።

አያ ዋኘው ከሮብ ገበያ በላይ የሚኖሩ የማሲንቆ ሰው ናቸው። ሚስታቸው እትዬ የብርጓል ዘፋኝ ናት። የእናቴ የአክስት ልጅ ስለሆነች እሷን አንቺ ነው የምላት፤ እሳቸውን ግን ደፍሬ አላውቅም። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ እሳቸው እየመቱ እሷ እየዘፈነች ከሉማሜ እስከ ደጀን ስንቱን ሙሽራ ድረዋል። ያለፈው ጥር ግን ጠሪ ጠፋ። «የእነ ዋኘው ዘፈን ይጎተታል፣ ጭብጨባውን አይዝም፣ ከሁለት አንዳቸው ደክመዋል» የሚል ወሬ በየሠርግ ቤቱ ተነዛ። አያ ዋኘው ይህን ሲሰሙ አበዱ። ዘፈናቸውን አስቀድተው፣ ጥር ሳይገባ በየሰዉ ስልክ ሊለቁት ቆርጠው መጡ።

«ይኼ ካማረ አፋቸውን ይይዛሉ» አሉኝ ገና ከመግባታቸው። «ካላማረ ግን ማሲንቆዬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ቁጭ ነው። ለሰው መሣቂያ አልሆንም።»

ደህናው ማይክ አንድ ስለሆነ ሰው የምቀዳው ለየብቻ ነው። መጀመሪያ እትዬ የብርጓል ገባች። በሄድፎኑ ምቱን የሚያስይዝ የተቀዳ ጭብጨባ ከፈትኩላት፣ በዚያ ላይ ዘፈነች፤ አንድ ቦታ እንኳ አልሳተችም። ቀጥለው አያ ዋኘው የእሷን ድምፅና ጭብጨባውን እየሰሙ ማሲንቋቸውን መቱ። ሁለቱን አንድ ላይ ስከፍተው ማሲንቆው ከዘፈኑ ኋላ ኋላ ይጎተታል።

«ማሽንሽ ነው!» አሉ።

«አያ ዋኘው፣ ማሽኔ ምን አደረገዎት?»

«እኔ በቦታው ነው የመታሁት። ጆሮ የለኝም እንዴ? የዘገየው እዚያ እማሽንሽ ሆድ ውስጥ ገብቶ ነው።»

ልመልስላቸው አፌን ስከፍት እትዬ የብርጓል ቀደመችኝ። «ዘሙዬ፣ እስቲ ማሽኑን እዪው። ይሆናል እኮ።» ድምፅዋ ልመና ነበረበት። ጠብ የፈራች መሰለኝ። ይህን እያለችኝ የባሏን የኮት ቁልፎች ትቆልፍላቸው ነበር። «ብርዱ ጣቴን አደነዘዘው» አሉ እሳቸው፣ እኔ ሳልጠይቃቸው።

እነሱ እንደሄዱ በንዴት ተቀመጥኩና ማሽኔን መረመርኩ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ድምፅ በማይኩ ገብቶ፣ በካርዱ አልፎ፣ ላፕቶፑ ውስጥ እስኪቀመጥ ትንሽ ጊዜ ይፈጃል። ሶፍትዌሩ ያንን ጊዜ አስልቶ የተቀዳውን ቀደም አድርጎ ቦታው ላይ ማስቀመጥ አለበት። ካርዱ ጊዜውን አሳስቶ ከነገረው ግን የተቀዳው ሁሉ ይዘገያል። የእኔ ካርድ ደግሞ ገና አዲስ ነበር። ከካርዱ መውጫ ወደ መግቢያው አንድ ኬብል ሰካሁ፣ ጭብጨባውን በዚያ ልኬ መልሼ ቀዳሁት። ሁለቱ ጭብጨባዎች ልክ መደራረብ ነበረባቸው። አልተደራረቡም፤ የተቀዳው የፀጉር ስንጣቂ ያህል ዘግይቶ ተቀምጧል።

«አይ ዘመናይ! ተዋረድሽ!» አልኩና ብቻዬን ሣቅሁ። ልዩነቱን ሶፍትዌሩ ላይ ሞላሁት፣ ደግሜ ሞከርኩ፤ ሁለቱ ጭብጨባዎች አንድ ሆኑ። ወዲያው ደወልኩላቸው።

«አያ ዋኘው፣ ይቅርታዎን! ማሽኑ ነው!»

«አፍሽን በዳቦ!» ብለው ጮኹ። ከዚያ አጠገባቸው ላለው ሰው ሁሉ ሲያወሩ በስልኩ ይሰማኛል። «ሰማችሁ? ማሽኑ ነው! እኔ ዋኘው ልዘገይ?» እውነቴን ነው፣ እኔም ደስ አለኝ። ያስተካከልኩት ልዩነት ማሲንቆው ከተጎተተው ጋር ሲተያይ በጣም ትንሽ እንደሆነ ያኔ ልብ አላልኩም።

መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ ሰላም ነው ሲባል ተመልሰው መጡ። የጮቄ ተራራ ጭጋጉን ከተማው ላይ ደፍቶታል፣ ውርጩ አጥንት ይሰብራል። አያ ዋኘው ግን ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ተላጭተው፣ የገዛ ሠርጋቸው ይመስል ነበር። ያን ዕለት በተቀዳው የእትዬ የብርጓል ድምፅ ላይ ማሲንቋቸውን እንደገና መቱ። እኔ ስክሪኑን አያለሁ።

ዘገየ።

የማሽን መዘግየት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ዛሬም ነገም ያው ነው። የዚህ ግን ይለያያል። እዚህ ትንሽ ይቀራል፣ እዚያ ብዙ ይቀራል፣ ዘፈኑ ወደ ማለቂያው ሲደርስ እየባሰበት ይሄዳል። ኬብሉን ሰክቼ እንደገና ሞከርኩ። ማሽኔ ምንም አላጎደለም።

«እንዴት ነው? ገባ?» አሉ ሄድፎኑን አውልቀው።

«መብራት ቆረጥ አደረገብኝ። አልተቀዳም» አልኳቸው። መብራቱን ረገሙልኝና ከአከራዬ ጋር ሊጫወቱ ወደ ግቢው ወጡ።

እትዬ የብርጓል ጥግ ላይ ካለችው በርጩማ አልተነሣችም። «ማሽኑ አይደለም፣ አይደል?»

ኬብሉን ከካርዱ ነቀልኩ።

«አውቃለሁ። ዓመት አለፈው። ቀኝ እጁ አይታዘዘውም። እሱ የመታ ይመስለዋል፣ እጁ ግን ኋላ ነው የሚመጣ። ለብርዱ ነው ብዬ ሐኪም ቤት ስወስደው፣ ከምርመራው በኋላ እሱን ውጭ አስቀምጬ እኔ ብቻዬን ገብቼ ሰማሁ። እየባሰ እንጂ እየተሻለ አይሄድም አሉኝ። አልነገርኩትም። እንዴት ብዬ ልንገረው?»

«ታዲያ ሠርግ ላይ እንዴት አድርጋችሁ ነው የምትጫወቱት?»

«እጠብቀዋለሁ። ዓይኔን ከደጋኑ አልነቅልም። ደጋኑ የማሲንቆውን ጭራ ሲነካ ነው ቃሉን ከአፌ የማወጣ። ጭብጨባው ቢያልፈንም አብረን እንቀራለን። ሰው ከፈለገ የብርጓል ደከመች ይበል፣ ምን ገዶኝ! እሱ ማሲንቆውን ከሰቀለ ግን ይሞትብኛል።»

ለካ እነሱን ለየብቻ ስቀዳ፣ እሷ ዓመት ሙሉ የሸፈነችውን ገመና እኔ ነኝ የገለጥኩት። ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም። «እና ምን ላድርግልሽ? ማሽኑን መልሼ ላበላሸው?» ብዬ ጮህኩባት።

«አንድ ላይ ቅጂን። እጁን እያየሁ ልዝፈን።»

አሮጌ ማይክ ነበረችኝ፤ እሷን ለእትዬ የብርጓል አቆምኩ፣ ደህናውን ለማሲንቆው። ጭብጨባ የሚሰማበት ሄድፎን አንድ ብቻ ስለሆነ አያ ዋኘውን ከግቢው ጠርቼ ለእሳቸው ሰጠሁ። ፊት ለፊት ተቀመጡና ጀመሩ። ስንት ሰው ዓመት ሙሉ እያየ ያላየውን ያኔ አየሁት። አፏን ከፍታ ትጠብቃለች። ቃሉ ጥርሷ ላይ ደርሶ ይቆማል፤ የባሏ ደጋን ጭራውን ሲነካ ትለቀዋለች። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በሄድፎናቸው ጭብጨባቸውን እየሰሙ፣ ፊታቸው በርቶ ይመታሉ። እንባዬ መጣብኝና ወደ ስክሪኑ ዞርኩ።

ሲያልቅ ጭብጨባውን ዘግቼ ከፈትኩላቸው። እንደ አንድ ሰው ነው የሚሰማው። እትዬ የብርጓል እፎይ ብላ «ባጃጅ ልጥራ» አለችና ወጣች።

አያ ዋኘው ግን አልተነሡም። «እስቲ ጭብጨባውን ጨምሪበት።»

እምቢ የምልበት ምክንያት አጣሁ። ጨመርኩበት። ትንሽ ሰምተው ግንባራቸው ተቋጠረ።

«የእሷን ለብቻው አሰሚኝ።»

ማሲንቆውን ዘጋሁት። የእትዬ የብርጓል ድምፅ ከጭብጨባው ጋር ብቻውን ቀረ። ጭብጨባው ያልፋል፣ እሷ ኋላ ትመጣለች። እንደገና ያልፋል፣ እንደገና ኋላ ትመጣለች። አሁን የእኔን አሰሚኝ ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላሉም። የራሳቸውንማ ያውቁታል፤ በቦታው ነው የመቱት።

ሄድፎኑን ቀስ ብለው አወለቁና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ለካ እሷ ናት» አሉ።

«አያ ዋኘው…»

«ተይ ልጄ። ጆሮ አለኝ። የመጀመሪያው ዕለት እንደ ምንም ብላ ይዛው ነበር፤ ሰው መድከም ሲጀምር እንዲህ ነው፣ አንድ ቀን ይሆንለታል፣ አንድ ቀን ይጠፋዋል። ሰዎቹ እውነታቸውን ነው። የብርጓሌ ደክማለች።» ዓይናቸው ሞላ። «እንዳትነግሪያት። እናትሽ ትሙት በይ!»

ምን ልበል? እሷ አይደለችም ካልኩ፣ እርስዎ ነዎት ማለቴ ነው። አፌን አልሰበስብም የምለዋ ሴትዮ ያን ጊዜ አፌን ሰበሰብኩ።

«እናቴ ትሙት» አልኩ።

«እኔ አለሁ፣ እሸፍናታለሁ። እጄን አመመኝ እላለሁ። እጄ አልታዘዝ አለኝ፣ አልችልም እላታለሁ። ማሲንቆውን እሰቅለዋለሁ። ሰውም ዋኘው ደከመ ይበል፤ የእሷ ስም አይነሣም።»

ማሲንቋቸውን በነጠላ ጠቅልለው ማሰር ጀመሩ። ቋጠሮው እምቢ አላቸው። እትዬ የብርጓል በሩን ከፍታ «ባጃጁ መጥቷል» አለችና ልታስርላቸው እጇን ዘረጋች።

«ተይው፣ የብርጓል። ከእንግዲህ አይፈታም» አሉ። ውሸት እንደሚናገር ሰው መሬት መሬት እያዩ ነበር። «እጄ እምቢ አለኝ። ስመታ አይታዘዘኝም። በቃኝ።»

የዘረጋችውን እጇን ሰበሰበች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ የነገርኳቸው መስሏታል። እንዲህ ባለ አስተያየት ማንም አይቶኝ አያውቅም።

«የምን እጅ! የምን እጅ ነው! ማሽኑ ነው እንጂ! ንገሪው እንጂ ዘሙ፣ ማሽኑ ነው በይው!»

ከኋላዋ አያ ዋኘው ራሳቸውን ይነቀንቁልኛል፤ መሐላሽን አስቢ፣ አደራ ማለታቸው ነው። ሁለቱም እኔን ያያሉ።

«ማሽኑ ነው» አልኩ።

«ማሽኗን አትሚ፣ የብርጓል» አሉ አያ ዋኘው ቀስ ብለው። «ማሽኗ ደህና ነው። እጄ ነው።»

እትዬ የብርጓል ማሲንቆውን ሳይታሰር እንደ ሕፃን አቀፈችው። በር ላይ ጭቃው ያዳልጣል። አያ ዋኘው እንዳትወድቅባቸው ብለው በደህናው እጃቸው ክንዷን ደግፈው እስከ ባጃጁ ወሰዷት።