ዋናውና ግልባጩ

ካርቦንን እኔን ጠይቁኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የጽሕፈት መኪና ላይ ተጎንብሼ የኖርኩ ጸሐፊ ነኝ። ሥራው በሁለት ነጭ ወረቀት መሃል ካርቦን አስገብቶ መምታት ነበር፤ የላይኛው ዋናው፣ የታችኛው ግልባጩ። ዋናው ለባለጉዳዩ ይሄዳል፣ ግልባጩ እኛው ፋይል ውስጥ ይቀራል። ጣቶቼ ጠቁረው ቤት ስገባ ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "ከሰል ስትሸጪ ነው የዋልሽው?" እያለ ያበሽቀኝ ነበር።

እናም ልጄ አንድ ቀን ምሳ ላይ "እማዬ፣ መሥሪያ ቤታችን የካርቦን አሻራውን ሊቀንስ ነው" ብትለኝ፣ "ደግ አደረጉ! ዛሬም በካርቦን ነው እንዴ የምትጽፉት? ሎሚ ይግዙ፣ ጣት ላይ ያለውን ልቅም አድርጎ ያነሳዋል" አልኳት።

በሳቅ ፍርስ አለች። እንባዋን እየጠረገች ስታስረዳኝ ለካ ነገሩ ጭስ ኖሯል። መሥሪያ ቤቷ በየአገሩ የሰው ጤና ለመጠበቅ የቆመ ዓለም አቀፍ ድርጅት ነው፤ ሠራተኞቹ ግን ከአውሮፕላን አይወርዱም። አየሩን እያጨስን ሳንባ ማከም አያምርብንም ተባባሉና በረራውን ሊቀንሱ ቆረጡ።

"ታዲያ አንቺስ?" አልኳት። ቤት ልትቀርልን ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

ልጄ ነርሶች የምታሠለጥን ነች። ክትባት ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዴት እንደሚያዝ ለማሳየት ሩቅ ሩቅ አገር ትመላለሳለች። ልጇን ድንቡሼን የማሳድጋት እኔ ነኝ፤ ድንቡሼ እናቷን የምታውቃት በስልክ ነው። ባለፈው ልጄ ከጉዞ ተመልሳ፣ ሻንጣዋን በር ላይ ጥላ እጇን ብትዘረጋላት፣ ልጅቷ ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ሮጣ ስልኬን አመጣችና "እናቴ እዚህ ውስጥ ናት" አለቻት። ልጄ ሳቀች። ሻንጣውን ይዛ ጓዳ ከገባች በኋላ ግን ቶሎ አልወጣችም። ዋናውን ለሰው እየላክን ልጃችንን በግልባጭ እያሳደግናት ነው ብዬ አንጀቴ አረረ።

"ሌሎቹ በስክሪን ያስተምራሉ" አለችኝ። "እኔን ግን አለቃዬ፣ 'ያንቺ ሥራ በእጅ የሚዳሰስ ነው፤ አንዴ በስክሪን ሞክሪው፣ ካልሆነ ላንቺ በረራው ይፈቀዳል' ብሎኛል።"

"አንቺስ ምን ትያለሽ?"

"እማዬ፣ ክትባቱ ከተበላሸ የሚጎዳው ሕፃን ነው። የሰው ልጅ ጥዬ የራሴን ልቀፍ?"

ልቆጣት ፈለግሁ፣ አልቻልኩም። እንዲህ አድርጌ ያሳደግኳት እኔው ነኛ!

የሙከራው ዕለት ድንቡሼን ይዤ ጓዳ ተሸሸግሁ። ልጄ ሳሎን ኮምፒውተሯን ከፍታ በማላውቀው ቋንቋ ታስተምራለች። መጀመሪያ ኔትወርኩ ተቆረጠ። ሲመለስ ደግሞ የነርሶቹ ማቀዝቀዣ ውስጡ አልታይ አላት፤ ሲከፋት ድምፅዋ እስከ ጓዳ ይሰማኛል። በቃ፣ ልትሄድብን ነው አልኩ። ይሄኔ ድንቡሼ ከእጄ አምልጣ እሪ እያለች ሳሎን ገባች። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ!

ላወጣት ተከትዬ ስደርስ፣ ስክሪኑ ላይ የኔ እኩያ የምትሆን የነርሶች አለቃ ሳቅ ብላ አንድ ነገር ተናገረች። ልጄ ድንቡሼን አንስታ አቀፈቻት፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"ምን አለችሽ?" አልኳት በሹክሹክታ።

"'አንቺ ልጅሽን እቀፊ፣ ወደ ማቀዝቀዣው እኛ እንሄዳለን።'"

ሴትየዋ ስልኳን ይዛ ብድግ አለች። ሌሎቹ በባትሪ እያበሩላት ማቀዝቀዣው ውስጥ ድረስ አስገባችው። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ እያነሳች ትጠይቃለች፤ ልጄ ልጇን እንዳቀፈች ትመልሳለች። በረዶው ላይ ተደግፎ ሊበላሽ የነበረውን ብልቃጥ ነርሶቹ ራሳቸው አግኝተው ሲያወጡት ልጄ ልክ እንደ ተማሪ አጨበጨበች።

የልጄ አለቃ ከቢሮው ሆኖ ይከታተል ነበር። መጨረሻ ላይ ሴትየዋ ለእሱ፣ "እስከ ዛሬ እሷ ስታደርግ እናይ ነበር፤ ዛሬ በእጃችን አደረግነው። ከእንግዲህ በዓመት አንዴ ለጥየቃ ብትመጣልን ይበቃናል" አለችው። እሱም ተስማማ።

የዚያችን ሴት ስም በቅጡ መጥራት እንኳ አልችልም። ግን ዕድሜ ይስጥልኝ። ልጄን ከነሕይወቷ የመለሰችልኝ ያህል ነው የማመሰግናት፤ የጭሱን ነገር ያነሱትንም ሰዎች እንደዚያው፣ ካርቦን ማለት ምን እንደሆነ ባያውቁም።

አሁን ልጄ ስታስተምር ድንቡሼ ጭኗ ላይ ናት። ስክሪኑ ጥግ ላይ የእናቷ ምስል በትንሹ ይታያል። ትናንት ጣቷን እዚያ ላይ አድርጋ፣ "እማማ፣ ይቺ ማናት?" አለችኝ።

"ግልባጯ ናት" አልኳት። "ለነርሶቹ የምንልካት።"

ትንሽ አሰበች። ከዚያ ዞር ብላ የእናቷን ጉንጮች በሁለት እጇ ያዘች።

"ይቺ ግን የኛ ናት?"

ልጄ ማስተማሯን አቁማ እቅፍ አደረገቻት። ማዶ ያሉት ነርሶችም ጠበቋት።