በራሷ ድምፅ

በመብራት ድርጅቱ የስልክ ክፍል ወንበሩ ብዙ ነው፤ ሰው የሚቀመጥበት ግን የእታለም ብቻ ቀርቷል። ስሙን ያወጡላት የድሮ ባልደረቦቿ ናቸው። የተቆጣ ደንበኛ ሲገጥማቸው «ለእታለም አቀብሉት፣ እሷ ታበርደዋለች» ይሉ ነበር። በየማለዳው የጆሮ ማዳመጫዋን ከማጥለቋ በፊት በልቧ «አፌን ጠብቅልኝ» ትላለች፤ ተጠብቆላትም ኖረ። ሰው እናቷን ሲሰድብባት እንኳ መልሷ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ልክ ነዎት» ነበር።

አለቃዋ ይህን አነጋገሯን ወደደው። ጠባብ ክፍል ውስጥ ማይክ ፊት አስቀምጦ እልፍ ዐረፍተ ነገር አስነበባት። ለአዲስ ተቀጣሪዎች ማስተማሪያ መስሏት ከልቧ አነበበች። ተማሪው ለካ ማሽን ነበር። ብዙም ሳይቆይ ስልኩን ማሽኗ በእታለም ድምፅ ታነሣ ጀመር፤ ባልደረቦቿም ተራ በተራ ተሰናበቱ። እሷ የተተወችው «ሰው አገናኙኝ» ብሎ ለሚያስቸግር ደንበኛ ነው።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ካልመጣ ብሎ ሲጮህ የቆየ ሁሉ፣ ሰው ሲመጣለት አያምንም። ያንኑ ድምፅ ነዋ የሚሰማው። «አሁንም አንቺው ነሽ?» ይላታል። «ሰው ከሆንሽ እስቲ አስነጥሺ» ያላትም አለ። አንዱ ደግሞ የሂሳብ ጥያቄ ጠየቃት፤ ብትመልስ ማሽን፣ ባትመልስ የተበላሸ ማሽን።

አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ደወሉ። ባለቤታቸው በኦክስጅን መሣሪያ ነው የሚተነፍሱት። መብራት ጠፍቶ መሣሪያው በባትሪ እየሠራ ነው፤ ማሽኗ ደግሞ «በቅርቡ ይመለሳል» ብላቸዋለች። እታለም ስክሪኗን አየች። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጥሏል።

«አባባ፣ መብራቱ ዛሬ አይመጣም። እማማን አሁኑኑ ሐኪም ቤት ይውሰዷቸው።»

«ቅድም በቅርቡ ይመለሳል አልሽ፤ አሁን ደግሞ አይመጣም። ምን ዓይነት ዕቃ ነሽ?»

«የቅድሟ ማሽን ናት አባባ። እኔ ሰው ነኝ።»

«እሱንም አስተምረውሻል? ጎረቤቴ ነግሮኛል፣ ሰው ነኝ ትልሃለች ብሎ።»

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ልክ ነዎት፣ ግን—»

«ይኸው። ቅድምም ያልሽኝ ይህንኑ ነው። የመብራት ቤት ሰው መቼ እንዲህ ለስልሶ ያውቃል? እጠብቃለሁ። ባትሪው ገና አለው።»

ከበስተኋላቸው አንድ ነገር በአጭር በአጭሩ ይጮኻል።

«ያ የሚጮኸው ምንድን ነው አባባ?»

«መሣሪያው ነው። አሁን ገና ነው የጀመረው።»

ባትሪው እያለቀ መሆኑ ለእታለም ገባት። ስታባብል የኖረችበት ቃል ሁሉ ማሽኗ አፍ ውስጥ ገብቷል፤ አንዱንም ብታነሣ የእሷ አይመስልም። የቀራት በዚያች ጠባብ ክፍል ያላነበበችው ብቻ ነው።

«አንተ ደረቅ ሽማግሌ» አለች፣ ሳትጮህ፣ ጥርሷን ነክሳ። «ሚስትህ አጠገብህ እየታፈነች አንተ ከስልክ ጋር ትከራከራለህ? ሬሳዋን ታቅፈህ ነው መብራት የምትጠብቀው? ተነሥ። አዝለህም ቢሆን ይዘሃት ውጣ።»

ከወዲያ ወንበር ሲገፋ ተሰማ።

«ባለጌ» አሉ ሽማግሌው በቀስታ። ቀጥሎ ድምፃቸው ተሰበረ። «ለካ ሰው ነሽ።»

ስልኩ ተዘጋ።

በሳምንቱ አለቃው አስጠራት። ወንበር ሳያሳያት «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ እታለም» አለ። «ደንበኛው ቅሬታ አቅርበዋል።»

«ባለቤታቸውስ?»

«ስሚው» አለና ቅጂውን ከፈተ።

ያው ሽማግሌ ናቸው። ቅሬታቸውን የነገሩት ለማሽኗ ነው። «ባለቤቴ ደኅና ናት፣ ተመስገን። ሐኪሙ፣ ጥቂት ብትዘገዩ ኖሮ ብሎ ዝም አለ። ግን እኔ በዚህ ዕድሜዬ፣ የልጅ ልጅ አይቼ፣ አንተ ተብዬ ልሰደብ?»

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ልክ ነዎት» አለች ማሽኗ በእታለም ድምፅ። «ስለደረሰብዎት ነገር ከልብ አዝናለሁ።»

«እግዜር ይስጥሽ። ማሽንም ብትሆኚ ጨዋ ነሽ። ሁለተኛ ሰው አገናኙኝ አልልም።»

አለቃው ቅጂውን ዘጋ። ድርጅቱ ስለ አገልግሎቷ እንደሚያመሰግናት፣ መታወቂያዋንም ለጥበቃው አስረክባ እንድትወጣ ነገራት። «የምትዪው አለሽ?»

«ከመጀመሪያው ይድገሙልኝ።»

የተጸጸተች መስሎት ደገመላት። እሷ የፈለገችው «ባለቤቴ ደኅና ናት» የሚለውን ነበር። ሰማችው፤ ዐይኗን ጨፍና «ተመስገን» አለች። ቅጂው ግን አልቆመም። ድምፅዋ ስለ እሷ ይቅርታ መጠየቅ ሲጀምር፣ ከንፈሯ ሳታስበው አብሮ ተንቀሳቀሰ።