ግማሽ ውዱእ

ሀሚዱ ከሶላት በፊት ለሚደረገው መታጠብ፣ ለውዱእ፣ ቀኝ እግሩን የመስጊዱ ቧንቧ ሥር ከመዘርጋቱ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የታሰረው ዕቃ መጮህ ጀመረ። ጩኸቱ የዋዛ አልነበረም። ለንጋቱ የሱብሂ ሶላት የመጣው ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። የመስጊዱ ጣሪያ ላይ ያደሩት ርግቦች ተነስተው በሐይቁ አናት ወደ ጎረቤቱ ሐይቅ ወደ አርዲቦ ሸሹ፤ ከዚያ ወዲህ የተመለሰች ርግብ የለችም።

"ዛሬስ ምን እያለ ነው?" አለ ከጎኑ ክንዱን የሚያጥበው ሙነወር።

"አምባሰል ነው የሚዘፍነው።"

"የለም፣ ይሄስ ባቲ ነው። አምባሰል እንዲህ አያላዝንም።"

ሀሚዱ ወደ እግሩ ጎነበሰ። እንደ ልማዱ እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሦስቴ አጠበ፤ በጣቶቹ መሐል ሳይቀር ፈለፈለ። የማሰሪያው አረንጓዴ መብራት ቀይ ሆና ታፈጥበት ነበር። የሱሪውን እግር ወረድ አድርጎ ሸፈናትና ሊሰግድ ገባ።

ሀሚዱ በሐይቅ ከተማ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ያውም እንዴት ያለ። አንድ ጊዜ ያጠመዳት ቆሮሶ ከጀልባው ስለበለጠች ጀልባውን በዓሣዋ ላይ ጭኖ ነው ወደ ዳር የተመለሰው። ያላመነ ሚስቱን ዙሌይካን ይጠይቅ፤ እሷ ግን ሚስት ናትና ትክዳለች።

ይህን ሰው በክረምቱ የጀልባው ምስማር ቁርጭምጭሚቱ ላይ ገሸለጠው። ስኳር ያለበት ሰው እግር ደግሞ ጥሩ ምስክር አይደለም፤ ሲቆረጥም ዝም ይላል። ሀሚዱ ነገሩን ያወቀው ቁስሉ ሰፍቶ መሽተት ሲጀምር ነው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ኡሙሀኒ አይታ፣ "አያ ሀሚዱ፣ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ካልደረቀ ደሴ እልክዎታለሁ። እዚያ እግሩን ለማትረፍ አይመስለኝም የሚቀበሉዎት" አለችው። እግር ከሌለ ጀልባ የለም። ጀልባ ከሌለ ሀሚዱ ምኑን ያወራል?

ማሰሪያውን የላከችለት ዱባይ ክሊኒክ ውስጥ በጽዳት የምትሠራው ልጁ ሀያ ናት። ከሐኪሞቹ አንዱን ለምና፣ አገር ቤት በሚገባ ሰው እጅ አደረሰችለት። ማሰሪያው የቆዳውን ሙቀትና እርጥበት እየለካ፣ ቁስሉ ሲብስ መድኃኒቱን አብዝቶ፣ ሲሻለው ቀንሶ ራሱ ያጠጣል። ከውጭ ውኃ ሲገባበት ግን መድኃኒቱን ይዘጋና ይጮሃል። ወሬውንም በሀሚዱ ስልክ በኩል ለሀያ ያደርሳል። ሀሚዱ ግን ገበያ መሐል ለሰው ሲያስረዳ፣ "ሐኪም ነው ያሰርኩት። ትንሽ ቢበላ ኖሮ ደመወዝም ይጠይቀኝ ነበር" ይል ነበር።

ከመስጊድ ሲመለስ ዙሌይካ ስልኩን ይዛ ደጃፍ ላይ ቆማ አገኛት። በኢሞ የሀያ ፊት ይታያል።

"አባዬ፣ ሐይቅ ውስጥ መግባት ጀምረሃል አይደል?" አለች ሀያ።

"ወላሂ ጀልባዬን ከነካሁ ወር አልፎኛል።"

"ታዲያ ለምንድነው የሚረጥበው? መድኃኒቱ አብዛኛውን ቀን ዝግ ነው። እዚህ እያየሁት እኮ ነው።"

"ዕቃው ዋሽቶ ይሆናል።"

"በአንተ ቤት የሚዋሸው ዕቃው ሆነ?" አለች ዙሌይካ። "መቼ መቼ ነው የሚረጥበው፣ የኔ ልጅ?"

ሀያ ስልኳ ላይ ጎንበስ አለች። "ጎህ ሲቀድ። ከዚያ ቀትር ላይ። ከሰዓት በኋላ አንዴ። ፀሐይ ስትገባ፣ ደግሞ ማታ።"

ዙሌይካ ስልኩን ሳትዘጋ ባሏን ከላይ እስከ ታች አየችው። ሱሪው እግሩ ላይ ርሷል።

"ውዱእ ነው" አለች። "ያ አላህ፣ ሰውዬው በውዱእ እግሩን እየቆረጠ ነው። የታሰረን በእርጥብ እጅ ማበስ እንደሚበቃ ሸሁ ስንቴ ተናገሩ? አንተስ መች ጠፋህ?"

አልጠፋውም። ነገሩ ሌላ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሙነወር ከባጃጅ ወድቆ ክንዱ በጀሶ ሲታሰር ጀሶውን አብሶ ይሰግድ ነበር። ያኔ ሀሚዱ በሰው ፊት "ግማሽ ውዱእ" ብሎ ሰየመው። "እኔ ሐይቁ በረዶ በሠራበት ክረምት በመጥረቢያ ሰብሬ ነው የታጠብኩት" ሲለው፣ ሙነወር "ሐይቁ መቼ በረዶ ሠርቶ ያውቃል?" አለ። "አንተ ተኝተህ ነበር" አለው ሀሚዱ። ስሙ ተጣብቆ ቀረ። እስከ ዛሬ ገበያ ላይ ሙነወርን "ግማሹ" የሚለው ብዙ ነው።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለች ዙሌይካ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "እግርህ ከተቆረጠ ምንህን ልታጥብ ነው?"

ሀሚዱ ዝም አለ። የሀሚዱ ዝምታ በሐይቅ ከተማ ያልተለመደ ነገር ስለነበር ጎረቤቶች አጥር ዘለው የሞተ ሰው እንዳለ ጠየቁ ይባላል። ስልኩ ውስጥ ሀያ አፏን በእጇ ይዛ ትጠብቃለች።

"እሺ" አለ በመጨረሻ። "አብሳለሁ።"

"እዚሁ ቤት አድርገህ ውጣ" አለች ዙሌይካ ለዘብ ብላ። "ማን ያይሃል? ሙነወርም አያውቅ።"

ሀሚዱ ቀዩን መብራት እያየ አሰበ። ምክሯ ጣፋጭ ነበር።

"አይሆንም" አለ። "ቤት አብሼ ብሄድ መስጊድ ስደርስ ሰው ፊት መልሼ አጥባለሁ። እኔን አታውቂኝም?"

"እሱስ እውነትህን ነው።"

"ሀያ፣ ዙሁር ላይ ስልክሽን አትልቀቂ።"

ማሰሪያው እስኪደርቅ ፀሐይ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ። ቀትር ላይ አዛን ሲል ከቤቱ እስከ መስጊዱ ያለው መንገድ ግሸን የሚያወጣውን አቀበት አከለበት። ጥግ ላይ ያለው ቧንቧ ሰው አልነበረበትም። አለፈው። ሙነወር ካለበት ደርሶ ከጎኑ ተቀመጠ። እስከ ግራ እግሩ ድረስ አጥቦ ጨረሰና ቧንቧውን ዘጋ።

"ሙነወር።"

"አቤት።"

"ክንድህ ጀሶ ላይ በነበረ ጊዜ እንዴት ነበር ያበስከው?"

ሙነወር ትንሽ አየው።

"ግማሹን ላሳይህ ወይስ ሙሉውን?"

"ብታፌዝብኝ ይገባኛል። ሙሉውን አሳየኝ።"

ሙነወር ሊስቅ የነበረ አፉን ሰበሰበ። እጁን አርጥቦ ውኃውን አራገፈና በራሱ ክንድ ላይ በቀስታ አሳለፈው። ሀሚዱ የቀኝ እግሩን ጣቶች በእርጥብ ጨርቅ አንድ በአንድ አረጠበ፤ እጁን አራገፈ፤ መዳፉን ማሰሪያው ላይ አሳለፈ። ጠበቁ። ጩኸት የለም። መብራቷ አረንጓዴ እንደሆነች ቆየች።

"ዛሬ ዘፈን የለም" አለ ሙነወር።

"ያንተ ጀሶ ነበር፣ ወንድሜ" አለ ሀሚዱ እየተነሳ። "የኔ ዱባይ ድረስ ነው የሚመሰክረው።"

ሙነወር ሳቀ። ሀሚዱ የሱሪውን እግር ሊያወርድ ጎንበስ ብሎ፣ እጁን መለሰ። እስከ ባቱ እንደተጠቀለለ ትቶት፣ መብራቷን ለሁሉ እያሳየ፣ ከሙነወር ትከሻ ጎን ሊሰለፍ ገባ።