ተገኘ ጥይት ሲሞላ

ባለቤቴ ተገኘ ከሞተ ወዲህ ለቅሶ የሚመጣው ሰው ሁሉ ስለ ደግነቱ ያወራልኛል። ደግ ነበር፤ አልክድም። እኔ ግን ቶሎ የሚታየኝ ኦክላንድ አፓርታማችን ውስጥ፣ መኝታ ቤት ጥግ ባለችው ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ ቀለሃ ውስጥ ባሩድ ሲጨምር ነው።

ታክሲ ነበር የሚነዳው። በፈረንጆቹ ዘጠና አራት አንድ ደንበኛው አስተማረውና የተተኮሰ ቀለሃ እየወለወለ መልሶ መሙላት ያዘ። የሚሞላት ትሪፕል ዱስ የሚሏትን ትንሽ የጠመንጃ ጥይት ነው፤ ከሊፒስቲኬ ትቀጥናለች። ያው ዓይነት ጠመንጃ ያለው የሥራ ባልደረባው አስራት ይስቅበታል።

"ጠላ መሰለህ እንዴ፣ ቤት የሚጠመቅ? ቅዳሜ ሪችመንድ ተኩስ መለማመጃው ይዘሃት ና። ምን አለ በለኝ፣ አንዷም አትጮህም!"

ተገኘ ሰው ፊት "እመጣለሁ" አለ። ዓርብ ኦፍ ወስዶ ጠረጴዛው ላይ ተሰየመ።

ባሩድ ሲጨመር መቋረጥ የለም። አንዷ ቀለሃ ሁለቴ ከተሞላች ጠመንጃው ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ካቋረጡት ሁሉንም ደፍቶ ከመጀመሪያው ይነሳል።

ግማሽ ሲደርስ የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን እትዬ ሸዋረጋ ገቡ። ተገኘ ደግሞ ትልቅ ሰው ቁጭ ብሎ አይቀበልም። ብድግ!

"ኧረ ተቀመጥ በሞቴ!"

"እንዴት ዋሉ እትዬ? ወገብዎ ተሻለዎት?"

የእትዬ ወገብ ረጅም ታሪክ ነው። ሲመለስ የት እንደደረሰ ጠፋው። ደፋው።

እትዬ ውሃ ሊጠጡ በመኝታ ቤቱ በር ሲያልፉ፣ ብድግ። ደፋው። መነጽራቸውን ፍለጋ ሲመለሱ፣ ብድግ።

"ተጌ፣ አትነሳ!" ብዬ ጮህኩ።

"እና ጀርባዬን ልስጣቸው?"

"ምንድን ነው ይሄ ልጅ የሚደፋው?" አሉ እትዬ። ነገርኳቸው።

"እኔን አክብረህ ልትፈነዳ? ዙር ወደ ግድግዳው!" ወንበር ጎትተው መኝታ ቤቱ በር ላይ ተሰየሙ።

ብዙም ሳይቆይ አስራት ሊያሾፍ መጣ። እትዬ በወንበራቸው በሩን እንደዘጉ በወሬ ያዙት። እናቱን ጠየቁት፣ እህቶቹን ጠየቁት፣ ሳን ሆዜ ያለውን አጎቱን ጠየቁት።

"እስካሁን ሳታገባ ምነው አስራት?"

"እትዬ፣ ተገኘን አንዴ ሃይ ልበለውና..."

"የት ነው የምትሄደው? ስለ አክስትህ መች ነገርከኝ!"

ተገኘ የባሩድ ሚዛኑን ለቆ ሳቁ እስኪወጣለት ጠበቀ፤ ግን አልዞረም። አስራት ሲደክመው "ነገ እንገናኛለን" ብሎ ከበር ተመለሰ።

በማግስቱ ሪችመንድ ጆሮዬን ሸፍኜ ከኋላው ቆምኩ። ቃታውን ሳበ። ጮኸች! ሁለተኛዋም፣ የቀሩትም። በነጥብ አስራት በለጠው፤ ተገኘ ዒላማውን ዞር ብሎም አላየው። ትኩሶቹን ቀለሃዎች ባርኔጣው ውስጥ ሲለቅም አስራት አጠገቡ ቁጢጥ አለና የራሱን ጨመረለት።

"እነዚህንም ሙላልኝ።"

"ለምነኝ።"

"እባክህ ተጌ። በናትህ።"

"አልሰማሁም። ጆሮዬ ተደፍኗል።"

መኪናው ጋ እስክንደርስ አስለመነው።